አድማጭና ታዳሚ፦ በአንድ ሕንፃ የታዩ ሁለት ምሽቶች

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ተረቱ። የሮክ ሙዚቃ ወዳጅ ግን ይህን ተረት ሲሽር ይኖራል። ያልተገኘበት ምሽት ይናፍቀዋል፤ እሱ ሳይወለድ ስለፈረሰ ባንድ፣ እሱ ሳያውቀው ስለተዘጋ አዳራሽ ሲወራ ይቆጨዋል። ሮክን በሸክላ፣ በካሴትና በሬዲዮ ብቻ ለተዋወቀው የአዲስ አበባ፣ የናይሮቢ ወይም የካርቱም አድማጭ ደግሞ ቁጭቱ እጥፍ ነው። የሮክ ጸሐፍት አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩታልና፦ ሸክላው ጥላ ነው፤ አካሉ ያለው መድረክ ላይ ነው፤ ባንዱን በዓይኑ ያላየ ሰው ባንዱን ሰማሁ አይበል። አባባሉ ከመለመዱ የተነሣ ቆም ብሎ የሚመረምረው ጠፍቷል። እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ ሁልጊዜ ነውን?

የቃላቱ ጉዳይ ራሱ ትኩረት ይሻል። እንግሊዝኛው በመድረክ የሚቀርብ ሙዚቃን «ላይቭ» ይለዋል፤ ሕያው ማለቱ ነው። በዚህ አጠራር ሸክላው ማንም ሳይፈርድበት ሙት ሆኖ ይቀራል። አማርኛው እንዲህ አይጨክንም፤ «በቀጥታ» ወይም «በአካል» ብሎ ያልፈዋል። አዳራሹን ስለሚሞላው ሕዝብ ሲነገር ግን አማርኛው የበለጠ ያውቃል። የእንግሊዝኛው «ኦዲየንስ» መስማት ከሚል የላቲን ቃል የተወለደ ነው፤ ሰሚ ማለት ነው፣ ሌላ አይደለም። የእኛው «ታዳሚ» ግን የድግስ ቃል ነው። ታዳሚ ማለት ተጠርቶ የመጣ፣ ከማዕዱ የሚቋደስ፣ ባይመጣ ቦታው ባዶ ሆኖ የሚታይ ሰው ነው። አድማጭና ታዳሚ አንድ አይደሉም። የሮክ አፈ ታሪክ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ብዙው ስሕተትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ልዩነቱን ለማየት በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር ከተማ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ በአሥር ዓመት ልዩነት የሆኑ ሁለት ምሽቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕንፃው ፍሪ ትሬድ ሆል ይባላል። ከ1853 እስከ 1856 የተሠራው፣ በ1819 የፓርላማ ውክልና ለመጠየቅ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ጦር ሰይፉን መዝዞ በዘመተበት ሜዳ ላይ ነው። ስሙም በእህል ላይ የተጣለው የገቢ ቀረጥ የተሻረበትን ድል ያስታውሳል። በ1940 በጀርመን የቦምብ ድብደባ ፈርሶ በ1951 እንደገና ተከፈተ፤ እስከ 1996 ድረስም የሃሌ ኦርኬስትራ ቤት ነበር። ከታላቁ አዳራሽ ሌላ በፎቁ ላይ አንድ አነስተኛ አዳራሽ ነበረው። ሕንፃው ከ2004 ጀምሮ ሆቴል ሆኗል።

ሜይ 17 ቀን 1966 ቦብ ዲላን ወደ ታላቁ አዳራሽ መድረክ ብቻውን ወጣ። በጊታሩና በሃርሞኒካው ሰባት ዘፈን ተጫወተ፤ ሕዝቡም ትንፋሹን ውጦ አዳመጠው። ከዕረፍት በኋላ ግን የኤሌክትሪክ ጊታሩን አንግቶ፣ ኋላ «ዘ ባንድ» ተብለው ስመ ጥር የሆኑትን ሙዚቀኞች አስከትሎ ተመለሰ። አዳራሹ ታወከ። እንግሊዞች ቅሬታቸውን የሚገልጹበት ዝግ ያለ፣ እየተጠበቀ በአንድነት የሚመታ ጭብጨባ ተነሣ። ዲላን ጩኸቱን ለማብረድ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግቶ ትርጉም የሌለው ነገር ያጉተመትም ጀመር፤ ሰዉ ምን እያለ እንደሆነ ለመስማት ሲል ጸጥ አለ። ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸ። ዲላን አላምንህም፣ ውሸታም ነህ ብሎ መለሰለት፤ ወደ ባንዱም ዞሮ በኃይል እንዲጫወቱ አዘዘና «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን»ን ጀመሩ።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንዲህ ነው፦ አዲሱ ሙዚቃ መጣ፣ አሮጌው ታዳሚ አልገባውም፣ ታሪክ ለሙዚቀኛው ፈረደ። ይህ ትረካ ግን አንድ ቀላል ጥያቄ መመለስ አይችልም። ያ ዘፈን በ1965 በብሪታንያ የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ እስከ አራተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር። እዚያ የተቀመጠው ሰው ዲላን በኤሌክትሪክ ጊታር እንደሚጫወት ያውቅ ነበር፤ በሬዲዮ ሰምቶታል፤ ምናልባትም ሸክላው ቤቱ ነበር። አድማጭ ሆኖ የታገሠውን ታዳሚ ሆኖ መታገሥ ያቃተው ለምንድን ነው?

መልሱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የወገንተኝነት ጉዳይ ነው። የፎክ ክበቦቹ ሰዎች ለንግድ ያልተሸጠ፣ ከሕዝብ የወጣ የሚሉትን ዘፈን የሚጠብቁ ነበሩ፤ ለእነሱ የኤሌክትሪክ ጊታር የገበያ ምልክት ነው። ሸክላ ሲገዛ እያንዳንዱ ለብቻው ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ማኅበር ሆኖ ተቀምጧል፤ «ይሁዳ» የሚለው ስድብም ማኅበሩን ለከዳ እንጂ መጥፎ ዘፈን ለዘፈነ የሚሰጥ ስም አይደለም። ሁለተኛው መልስ ግን ከዚህ ይልቅ ተራ ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል የሮክ ጸሐፍት የማይወዱት። ሰዉ አልሰማም። አዳራሹ የታሰበው ያለ ማጉያ ለሚጫወት ኦርኬስትራ ነው። እንዲህ ያለ አዳራሽ ድምፅን ይዞ ያቆያል፤ ቫዮሊንን የሚያሞቀው ይኸው ጠባይ፣ ከበሮና የኤሌክትሪክ ጊታር ሲገባበት ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበ ቃልን ከቃል እንዳይለይ ያደርገዋል። በኋላ ዘመን ያንን ቃል የጮህኩት እኔ ነኝ ያሉ ሁለት ሰዎች ተነሥተዋል። አንደኛው ሲያስረዳ ያናደደው የኤሌክትሪክ ጊታሩ እንዳልሆነ፣ በሸክላው ላይ የሚያውቀው ድምፅ ምኑም ከምኑ የማይለይ ድፍርስ ሆኖ ስለመጣበት እንደሆነ ተናግሯል። ይህ ምስክርነት ትልቁን የሮክ ድራማ ወደ መሣሪያ ጉድለት ያወርደዋል። ቢያወርደውም መስማት ያለብን ነው።

በዚያው ሰዓት የሸክላ ኩባንያው መቅረጫ መሣሪያ እየሠራ ነበር። ቅጂው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ ያውም ለንደን በሮያል አልበርት ሆል የተቀዳ ነው በሚል የተሳሳተ ስም። በዚያ ምሽት ገና ልጅ ሆኖ በአዳራሹ የነበረው ሲ. ፒ. ሊ በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን እስከ ሥሩ መርምሯል። በዚያው ዓመት ቅጂው በይፋ ሲወጣም አሳታሚው የተሳሳተውን ስም ሊተወው አልፈለገም፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ አቆየው። በ2016 ደግሞ ከዚያ ጉዞ የተረፉት ቅጂዎች በ36 ሲዲዎች ወጡ።

ዛሬ ያንን ቅጂ የሚሰማ ሰው የሮቢ ሮበርትሰንን ጊታር እንደ ስለት ይሰማዋል፤ የጋርዝ ሃድሰን ኦርጋን ከሥር ሲያባባ፣ ከበሮው እንደ በር ሲደበደብ፣ የዲላን ድምፅ ከሁሉም በላይ ሲወጣ ይሰማል። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ ይህን አልሰሙም። ጩኸቱ ሳይቀር ቴፑ ላይ አለ፤ ያ ያልታወቀ ሰው ሳያውቅ የሥራው ተካፋይ ሆኗል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ዘፈን ያለ እሱ ያን ያህል ቁጣ ባልኖረው ነበር። ስለዚህ ስለ 1966ቱ ምሽት ሙዚቃ የመፍረድ መብት ያለው ማን ነው ቢባል፣ መልሱ ያልነበረው ሰው ነው። የካርቱሙ ባለ ካሴት ከማንቸስተሩ ባለ ቲኬት የተሻለ ሰምቷል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሩቅ አድማጭ መልካም ማጽናኛ በሆነው። ነገር ግን ከአሥር ዓመት ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ፣ ጁን 4 ቀን 1976፣ በዚያው ሕንፃ በፎቁ ላይ ባለው ትንሽ አዳራሽ ሌላ ነገር ሆነ።

ሃዋርድ ዴቮቶና ፒት ሼሊ በቦልተን የሚማሩ ወጣቶች ነበሩ። በአንድ የሙዚቃ ጋዜጣ ስለ ሴክስ ፒስቶልስ ያነበቡት አጭር ዘገባ አስነሥቷቸው ባንዱን ሊያዩ ወደ ደቡብ ተጓዙ፤ ካዩትም በኋላ ወደ ከተማቸው እንዲመጣ አዘጋጁ። ራሳቸውም ከእሱ በፊት ሊጫወቱ አስበው ነበር፤ ባንዳቸው ግን አልደረሰላቸውም፤ ሶልስቲስ የተባለ ሌላ ባንድ ተተካ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። የመጣው ሰው ቁጥር ወደ አርባ እንደሚጠጋ ይነገራል። ሴክስ ፒስቶልስ አንድም ሸክላ አላወጣም ነበር፤ የመጀመሪያው የወጣው በኖቬምበር ነው። ከተሰበሰቡት መካከል ዘፈኖቹን አስቀድሞ የሚያውቃቸው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሸክላና መድረክ የሚያወዳድር አንድም ጆሮ አልነበረም።

ከአርባዎቹ መካከል በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ ነበሩ፤ ኋላ ጆይ ዲቪዥን የሆነውን ባንድ ያቋቋሙት እነሱ ናቸው። ሁክ በማግሥቱ ሄዶ ቤዝ ጊታር ገዛ። ሞሪሲ ስለ ምሽቱ ለሙዚቃ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዓመታት በኋላ የዘ ስሚዝስ ድምፃዊ ሆነ። ስቲቭ ዲግል ራሱ እንደሚተርከው ደጃፉ ላይ የቆመው ሌላ ሰው ቀጥሮ ነበር፤ የባንዱ አስተዳዳሪ ማልኮም ማክላረን የሚጠበቀው ቤዝ ተጫዋች መስሎት ወደ ውስጥ አስገባውና ከሼሊ ጋር አስተዋወቀው፤ በዚህ ስሕተት የባዝኮክስ አባል ሆነ። ባዝኮክስ ራሱ በመድረክ የወጣው ሴክስ ፒስቶልስ በጁላይ 20 ወደዚያው አዳራሽ በተመለሰ ጊዜ ነው፤ በዚያኛው ምሽት ሰዉ በዝቶ ነበር፣ ኢያን ከርቲስም የመጣው ያን ጊዜ ነው። የብዙ ሰው ትዝታ ሁለቱን ምሽቶች ያቀላቅላል።

የጁኑ ምሽት በአንድ ታዳሚ ካሴት ተቀድቷል። የሚሰማው ሰው የሚያገኘው ምንድን ነው? አንድ ገና ያልበሰለ፣ ሻካራ ባንድ። ለምን እነዚያ ሰዎች ሕይወታቸውን እንደለወጡ ከቴፑ አይገባውም፤ ሊገባውም አይችልም። ሰምነር ሲናገር ባንዱ አስቀያሚ እንደነበር፣ እሱም ተነሥቶ እንደነሱ አስቀያሚ መሆን እንዳማረው ገልጿል። ምስጢሩ ይኸው ነው። በ1966 መድረኩ ከታዳሚው ሸሽቶ ሄደ፤ በ1976 መድረኩ ወደ ታዳሚው ወረደ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ወጣት የጉልበቱን ልክ በመድረኩ ላይ አየው፤ «ይህንንማ እኔም እችላለሁ» አለ። ይህ እንግዲህ በጆሮ የሚገባ ነገር አይደለም። የተጫዋቹን ዕድሜ፣ የለበሰውን ልብስ፣ ጣቶቹ ሲሳሳቱ አለማፈሩን፣ ከጎን ያለው ወንበር ባዶ መሆኑን ማየት ይጠይቃል። ቴፕ ጣት የሳተውን ኖታ ይይዛል፤ ተጫዋቹ እንዳላፈረ ግን አይናገርም። እዚህ አድማጭ ምንም ድርሻ የለውም፤ ምሽቱ የታዳሚ ብቻ ነው።

የነበሩበት ሰዎች ኋላ የሠሩት ሥራ ምሽቱን ትልቅ እንዳደረገው መርሳት ግን አይገባም። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ከተሞች አርባ ሰው ፊት የተጫወቱ፣ ከዚያም ምንም ያልተወለደባቸው ምሽቶች ስፍር ቁጥር አልነበራቸውም። ማንም አይጽፍላቸውም። ጁን 4ን «ዓለምን የለወጠ ምሽት» ማለት አዝመራውን አይቶ ዘሩን ማመስገን ነው፤ ስለ መሬቱ፣ ማለትም ሥራ አጥቶ ፋብሪካው ስለተዘጋበት፣ ወጣቱ የሚይዘው የሚጨብጠው ስላጣበት ከተማ፣ ዝም ማለት ነው።

ትዝታው ራሱም ችግር አለው። ዴቪድ ኖላን ስለ ምሽቱ የጻፈው መጽሐፍ ርእሱ «እምላለሁ ነበርኩ» የሚል ትርጉም አለው፤ በርእሱ ውስጥ ያለው ፌዝ ለማንም ግልጽ ነው። ነበርኩ የሚለው ሰው አዳራሹ ከሚችለው በላይ ሆኗል። ኋላ ፋክተሪ ሬከርድስን ካቋቋሙት አንዱ የሆነው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ቶኒ ዊልሰን በዚያ ምሽት እንደነበር ሲናገር ኖሯል፤ የ2002ቱ «24 አወር ፓርቲ ፒፕል» ፊልምም በታዳሚው መካከል አስቀምጦ ያሳየዋል፤ በእርግጥ መገኘቱን ግን የሚጠራጠሩ አሉ። ባንዱን በዚያው ዓመት በፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ያቀረበው ዊልሰን መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ለማንም የሚበቃ ክብር ነበር። እሱ ግን የፈለገው የአርባዎቹን ወንበር ነው። እዚህ ላይ ውሸታም ብሎ መፍረድ ይቀላል። ሆኖም ነበርኩ ባዩ የሚመኘው የተሻለ ድምፅ መስማትን አይደለም፤ ከማዕዱ መቋደስን ነው። ለሠርግ ያልተጠራ ሰው ስለ ወጡ ቅመም አይደለም የሚከፋው።

ዛሬ ታዳሚው ስልኩን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ምሽቱን ሙሉ ይቀርጻል፤ የመገኘቱ ማስረጃ ኪሱ ውስጥ ነው። ማስረጃው አይታበልም። ነገር ግን ከማዕዱ ተቀምጦ ድርሻውን በአገልግል እንደሚቋጥር እድምተኛ ነው፤ እየበላ አይደለም።

የማንቸስተሩ ነገር ወደ እኛ አካባቢም የደረሰበት መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው አያይዞ አያየውም እንጂ። የፐንክ ማዕበል ባሕሩን ተሻግሮ ኔዘርላንድስ ሲደርስ፣ በ1979 በአምስተርዳም ዘ ኤክስ የተባለ ባንድ ተመሠረተ። አባላቱ ማን ምን ይጫወት የሚለውን የወሰኑት ዕጣ በመጣጣል እንደነበር ይነገራል። «እኔም እችላለሁ» የሚለው መንፈስ ከዚህ በላይ ሊሄድ አይችልም። ይህ ባንድ በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ተዘዋውሮ ተጫወተ። ወደ መድረኩ ለቀረበው አብዛኛው ሰው ዘ ኤክስ ማለት ስምም ታሪክም አልነበረም። ከሸክላ የተረፈ ትዝታ ሳይኖረው ባዶ ጆሮ ይዞ መጣ፤ በዚህ ከአርባዎቹ ጋር አንድ ነው።

በተቃራኒው ዘ ኤክስ ወደ ጌታቸው መኩሪያ የደረሱት በተቀዳ ሙዚቃ በኩል ነው። ጌታቸው በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደጉ ሳክስፎን ተጫዋች ናቸው፤ ሽለላን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከሰው ድምፅ ወደ ሳክስፎን ያመጡት እሳቸው ናቸው። በ2004 ባንዱ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ወደ ኔዘርላንድስ ጋበዛቸው፤ የተጫወቱትም አይሲፒ ከተባለው የደች የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር ነበር። በዚያው አጋጣሚ ዘ ኤክስን በመድረክ አዩ፤ ቀጣዩ ሥራቸው ላይ እንዲያጅቧቸው የጠየቁትም ራሳቸው ናቸው። ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ በደንብ ልብስና በኖታ ሥርዓት ያደጉ አንጋፋ ሙዚቀኛ፣ መሣሪያቸውን በዕጣ የተከፋፈሉ ሰዎችን አይተው ከእነዚህ ጋር ልጫወት አሉ።

ያዩት ምን ነበር? በ2006 የወጣውን «ሞአ አንበሳ»ን የሚሰማ ሰው መገመት ይችላል። የኦርኬስትራ አጃቢ ሽለላን ያሳምረዋል፤ ሽለላ ግን ማማር አይደለም ጉዳዩ። ፎካሪ የሚፎክረው ለተሰበሰበ ሰው ነው፤ ግጥሙን የሚሞላው የሰሚው እልልታ፣ የሚነሣው ጎራዴ፣ መሬት የሚመታው እግር ነው። ያለ ታዳሚ ፉከራ የለም። የዘ ኤክስ ጊታሮች በጌታቸው ሳክስፎን ሥር ዜማ አያጅቡም፤ ይገፋሉ፣ ያቋርጣሉ፣ «በለው!» ይላሉ። እንደ አጃቢ ሳይሆን እንደ እድምተኛ ነው የሚጫወቱት። አልበሙ እንደ ማንኛውም አልበም ጉድለት አለበት፤ አንዳንዱ ዘፈን ከሚገባው በላይ ይረዝማል፣ አንዳንድ ቦታም የነሐስ መሣሪያዎቹ ጌታቸውን ይሸፍኗቸዋል።

ጌታቸው በ2016 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ «የአንበሳው ትዝታ» የተባለውን የመጨረሻ አልበማቸውን ከዚያው ባንድ ጋር ሠርተው በ2012 አወጡ፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮችም ለዓመታት አብረው ዞሩ። የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ሲወጡ ከፊት የቆመው የውጭ አገር ወጣት ስለ ሽለላ የሚያውቀው አልነበረም፤ ሳክስፎኑም ቃል አልነበረው፣ የሚተረጎም ነገር አልነበረም።